ሌሊት የሌለው ፍጡር፦ ለልብ ወለዳችሁ አዲስ ዘር ከነአካሉ፣ ከነኑሮው እንዴት ትፈጥራላችሁ?

ጠዋት ሰው ስናገኝ «እንዴት አደርክ?» እንላለን። የምንጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። ጨለማው፣ ብርዱ፣ ጅቡ፣ ሕመሙ አልፎ በሰላም መንጋቱን ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን እንጂ ብዙም አናስበውም። ግን ሰላምታው ውስጥ አንድ አካል አለ። የሚበርደው፣ በጨለማ የማያይ፣ እንቅልፍ የሚጥለው አካል።

አሁን ሌሊትን ጨርሶ የማያውቅ ፍጡር አስቡ። ፀሐይ ስትገባ ይደነዝዛል፣ ስትወጣ ይነቃል። ጠዋት ጎረቤቱን ሲያገኝ ምን ይለዋል? «እንዴት አደርክ» አይለውም። ለእሱ ማደር የሚባል ነገር የለም። «ሞቀህ?» ይለው ይሆናል።

ይህ መመሪያ ከአካል ተነስቶ እስከዚያች ሰላምታ ድረስ የሚወስደውን መንገድ ያሳያል። ረቂቃቸውን የሚያሳዩኝ ወዳጆቼ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመልክ ነው። ቀንድ፣ ክንፍ፣ ሰማያዊ ቆዳ። እኔም ለረጅም ጊዜ የሠራሁት እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ የጻፍኩትን ሳነብላት አቋረጠችኝና «አጎቴ፣ ሲተኙ ክንፋቸውን የት ያደርጉታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አካሉን ስላላሰብኩት አልጋውንም አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው የምሠራው።

1. መልኩን ተዉት፣ ቦታውን ምረጡ

መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ፍጡሩ አይደለም፤ የሚኖርበት ቦታ ነው። ሙቀቱ እንዴት ነው? ውሃው ከየት ይመጣል? መሬቱ ምን ያበቅላል? ምን ምን አውሬ አለ? ዓለሙ ምናባዊ ቢሆንም የምታውቁትን እውነተኛ ቦታ መነሻ አድርጉ። ከባዶ የተፈጠረ ቦታ ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ያልቅባችኋል።

እኔ ውርጭን መረጥኩ። አያቶቻችን አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉት የመጨረሻዋን ስም ያወጡት ከብርዱ ነው። ባሌ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ቀን ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፤ በበጋ ሌሊት ደግሞ መሬቱ በረዶ ይይዛል። እዚያ ላይ የበጋና የክረምት የሙቀት ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ልዩነት በአንዱ ቀንና በዚያው ሌሊት መካከል ያለው ነው።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ እዚያ ያሉትን ነዋሪዎች ተመልከቱ። ፈተናውን ቀድመው ያለፉት እነሱ ናቸው። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ከውርጭ ይሸፍናል። ብዙ ዓመት ኖሮ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ጭላዳ ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወደ አምባው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ብዙ ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ የሚያሳዩትን ቀይ ምልክት ጭላዳ የሚያሳየው ደረቱ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ከመመገቡ ጋር ያያይዙታል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ምግቡ አቀማመጡን ወሰነ። አቀማመጡ ደግሞ ውበቱ የሚታይበትን ቦታ ወሰነ። እናንተም ስትፈጥሩ የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ሰንሰለት ነው።

2. አንድ የአካል እውነት ስጡት፣ ከዚያ «ታዲያ?» እያላችሁ ተከተሉት

አንድ ብቻ። አምስት ልዩ ችሎታ ያለው ፍጡር አንዱም በቅጡ አይታሰብለትም።

የእኔን እውነት ያገኘሁት ከአንዲስ ተራሮች ነው። እዚያ ሃሚንግበርድ የሚባሉ አበባ የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎች አሉ። ማታ ማታ ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነታቸውን ያቀዘቅዛሉ። ፔሩ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የአንዷ ወፍ ሙቀት ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ተለክቷል። ሲነካት የሞተች ትመስላለች። ሲነጋ ግን ተንቀጥቅጣ፣ ሞቃ፣ ትበራለች።

የእኔ ፍጡራን «ውርጬዎች» ይባላሉ። እውነታቸውም ይኼ ነው፦ ፀሐይ ስትገባ ይደነዝዛሉ፣ ፀሐይ ሳትነካቸው አይነቁም።

አሁን ጥያቄው ይጀመር። ሌሊት ሁሉም ከደነዘዘ፣ ታዲያ ማን ይጠብቃቸዋል? ጥቂቶች መንቃት አለባቸው። ነቅቶ ለማደር አካልን ማሞቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነቂዎቹ ከሌላው እጥፍ ይበላሉ። ታዲያ ያን ትርፍ እህል ማን ያመጣላቸዋል? መንደሩ ያዋጣል፤ ይህ የመጀመሪያው ግብር ነው። ታዲያ ሁሉም ደንዝዞ ሳለ ነቂው ራሱ ቢሰርቅስ? ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ነቂዎች የሚመረጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ያውም ከማይዋደዱ ሁለት ቤተሰቦች። ይከበራሉ፣ ይፈራሉ፣ ልጅ ግን ብዙ ሰው አይድርላቸውም።

በሌላ በኩልም ሂዱ። የሚቀሰቅሳቸው ፀሐይ ከሆነች፣ ቤቱ ወደ ምሥራቅ መዞር አለበት። ምሥራቅ ያለው ሰው ምዕራብ ካለው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ይነቃል። ቀድሞ ሥር ይቆፍራል፣ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ታዲያ የሀብታምና የድሃ ልዩነት ከገደሉ ጎን ሆነ ማለት ነው። የመሬት ክርክሩም ስለ ስፋት አይደለም። ጎረቤት ግንብ ሠርቶ የጠዋት ፀሐይ ቢጋርድብህ ነው ዳኛ የምትሄደው። «ጥላህን አንሳልኝ» የሚል ክስ ይኖራል።

ገና ያልሞቀ ጭንቅላት ዘገምተኛ ነው። ታዲያ ጠዋት የተማለ መሐላ ይጸናል? አይጸናም። ውል የሚዋዋሉት ጥላ ካጠረ በኋላ ነው።

አንድ መስመር ቢያንስ አራት «ታዲያ?» ካላሻገራችሁ የመረጣችሁት እውነት ደካማ ነው። ቀይሩት። ይህን ስል ከልቤ ነው፤ ሰማያዊ ቆዳ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው «ታዲያ?» ላይ ይሞታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ታሪኬን የቀየረው እሱ ነው። ድንዛዜ እንቅልፍ አይደለም። ከክረምት ድንዛዜ የሚነቁ የምድር ሽኮኮዎች እንደሞቁ ወዲያው ይተኛሉ፤ የእንቅልፍ ዕዳ አለባቸው። ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ። ውርጬዎች ሌሊቱን ሙሉ ደንዝዘው ነቅተው፣ ቀን ደግሞ መተኛት አለባቸው ማለት ነው! ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ይተኛል። ሕልም የሚያዩት በአደባባይ ነው። የአንዱን መወራጨት ሌላው ያየዋል። እንዲህ ባለ ሕዝብ ውስጥ ሕልም የግል ምሥጢር ሊሆን አይችልም።

3. መጠኑን በሒሳብ ፈትሹ

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ፍጡር ይወድቃል። የእኔም ወድቆ ነበር። መጀመሪያ ውርጬዎችን የሰው ቁመት ሰጥቻቸው ነበር። አይሆንም።

ምክንያቱን ወጥ ቤት ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንች አብራችሁ ቀቅሉና አውጡ። ትንሹ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ትልቁን ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትገምሱት መሃሉ ገና ያቃጥላል። አንድ አካል ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ቆዳው አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት የሚወጣው በቆዳ ነው። ትልቅ አካል ብዙ ሙቀት ይዞ በአንጻሩ ጥቂት መውጫ አለው። አጥንትንም የሚመለከተው ሕግ ይኸው ነው፤ ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ግዙፍ ሰው የተራ ሰው እግር ተለጥጦ አይበቃውም፤ አጥንቱ ከቁመቱ በላይ መወፈር አለበት።

ድብ ለወራት ሲተኛ ሙቀቱ የሚወርደው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሥጋ በየቀኑ አቀዝቅዞ እንደገና ማሞቅ ከጥቅሙ ይልቅ ወጪው ይበዛል። በየቀኑ የሚደነዝዙት በአብዛኛው ትናንሾቹ ናቸው። ወፎች፣ የሌሊት ወፎች፣ አይጦች።

ስለዚህ ውርጬዎችን 5 ኪሎ አደረግኳቸው። ደህና የበላ ድመት ያህል። ለአንድ ለሚደነዝዝ እንስሳ 5 ኪሎም ቢሆን ብዙ ነው። ፀሐይ በነጻ ታሞቃቸዋለች ብዬ ነው የፈቀድኩት። ጥቁር ጀርባ ሰጠኋቸው። ጠዋት ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ያጎነብሳሉ፤ ሲያዩዋቸው የሚሰግዱ ይመስላሉ።

መጠኑ ሲቀየር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ተቀየረ። ቀይ ቀበሮ የሕይወት ጠላት ሆነ። ንስር ሰማይ ላይ ታየ ማለት ልጅ ሊነጠቅ ነው ማለት ሆነ። አንድ ኩንታል ገብስ የሃያ ውርጬ ክብደት ነው፤ እርሻቸው በበሬ ሊሆን አይችልም። «ይህን የምታህል ጭንቅላት ማሰብ ትችላለች ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አንድ የቁራ ዓይነት በዚያች ትንሽ ጭንቅላቱ መሣሪያ ሠርቶ ይጠቀማል። በወፎች አንጎል ውስጥ ሕዋሳቱ በጣም ተጠጋግተው ነው ያሉት። ይህን ለውርጬዎች ተውሻለሁ።

4. ምን ይበላል? ስንት ይበላል? በምን ያበስላል?

ቀላል መለኪያ አለ። የፍጡሩን ክብደት በኪሎ ውሰዱ። በስልካችሁ ካልኩሌተር 0.75 ኃይል አንሱት፣ በ70 አባዙት። የምታገኙት ሞቅ ብሎ ያለ ሥራ ለሚኖር እንስሳ በቀን የሚያስፈልገውን ኪሎ ካሎሪ በግምት ነው። ለ5 ኪሎ 235 ገደማ ይሆናል። ለሚሠራና ለሚሮጥ እጥፍ አድርጉት፤ 470። መቶ ግራም ደረቅ ገብስ 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል ብንል፣ አንድ ውርጬ ገብስ ብቻ ቢበላ በቀን 135 ግራም ይበቃዋል። 60 ነፍስ ያለበት መንደር በዓመት 30 ኩንታል ይፈልጋል። ድንዛዜው ሲሶውን ቢቆጥብላቸው 20 ኩንታል። በሄክታር 15 ኩንታል የሚገኝ ከሆነ ከአንድ ሄክታር ተኩል ያነሰ መሬት ማለት ነው። ለዘር ጨምሩበት።

ይህ ቁጥር ታሪኩ ውስጥ አይገባም። ግን አንድ ሌሊት በረዶ ግማሹን ማሳ ቢመታ ስንት ሰው እንደሚራብ አሁን አውቃለሁ። ረሃቡን ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ማብሰያውም ከቦታው ይመጣል። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፈልቶም በቂ አይሞቅም። ባቄላ እዚያ ላይ መቀቀል የቀን ሥራ ነው። እንጨትም የለም፤ አስታ ከሚባለው የደጋ ዛፍ በላይ ያለው ጓሳ ሣር ነው። ስለዚህ ይቆላሉ። ቆሎ በአጭር እሳት ይደርሳል። ቆልቶ ፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ይቻላል፤ የእኛው በሶ ማለት ነው። ወጥ የሚባል ነገር የላቸውም። ለትልቅ እንግዳ ብቻ ቅቅል ይቀርባል፤ ክብሩም ጣዕሙ ላይ ሳይሆን የነደደው ማገዶ ላይ ነው። ማገዶውን ማን እንደሚሰበስብና መቼ እንደሚሰበስብ ሕግ ስሩለት። መንዝ ጓሳ ላይ ማኅበረሰቡ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ቆይቶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ከፍቶ የሚያጭድበት የቆየ ሥርዓት ነበረው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ማጥናት ሺህ አስማት ከመፍጠር ይበልጣል።

5. አፉን ስጡት፣ ከዚያ ፊደል ገበታውን አንሱ

ይህን ደረጃ ከሁሉም እወደዋለሁ።

ውርጬዎች የሚበሉት ከገብሱ ሌላ ሥር ነው። በበረዶ የጠነከረ መሬት ይቆፍራሉ። ስለዚህ አፋቸው ጫፍ ላይ እንደ መንቆር ጠንክሯል። ከንፈር የላቸውም። ከንፈር ከሌለ ምን ይቀራል?

ፊደል ገበታ ፊታችሁ ዘርጉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እጃችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጉ። መ ሲባል ከንፈር ይገጥማል፤ ሰርዙት። በ፣ ፐ፣ ጰ ይሰረዛሉ። ፈ ከንፈርና ጥርስ ይፈልጋል፤ ይሰረዛል። ወ ከንፈር ያሞጠሙጣል፤ ይሰረዛል። አሁን ወደ ጎን ሂዱ። ካዕብና ሳብዕ፣ ማለትም ኡ እና ኦ፣ ሁለቱም ከንፈር ያሾላሉ። ሁለት ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሰርዙ። ቋ፣ ኳ፣ ጓም ይሄዳሉ።

የቀረውን ተመልከቱ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ከ፣ ሐ፣ ረ፣ ነ፣ ዘ አሉ። ድምፁ ደረቅና የሚሰነጥቅ ነው፤ እንደ ጠጠር። አሁን ስም አውጡ፦ ጺና፣ ቅራጤ፣ ሄራን፣ ጭርቂት። «ውርጬ» የሚለውን ራሱን መጥራት አይችሉም፤ ያ እኛ የሰጠናቸው ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን «ጺሬ» ይላሉ። ብዙ ሲሆኑ ቃሉን ይደግማሉ፤ «ጺራጺሬ»። የእኛም ልጅ አፍ ሲፈታ «ማማ»፣ «ባባ» የሚለው ከንፈር ስላለው ነው። የውርጬ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉ «ናና» ሊሆን ይችላል።

በቀቀን ከንፈር ሳይኖራት «ማ» ትላለች የሚል ይመጣል፤ ልክ ነው። ወፎች ድምፅ የሚያወጡት ከጉሮሮ በታች፣ የአየር ቧንቧው በሚከፈልበት ቦታ ባለ ሌላ አካል ነው። ውርጬዎች ጡት አጥቢ ስለሆኑ ማንቁርታቸው እንደኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ራሳችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ አንባቢ ሲጠይቅ አትደነግጡም።

ስለ ዓይንና አፍንጫ በአጭሩ። ንብ ቀይ አይታያትም፤ እኛ የማናየውን ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን ግን ታያለች። ፍጡራችሁ የማያየው ቀለም ካለ በእሱ ዓይን በሚተረከው ምዕራፍ ውስጥ ያን ቀለም አትጥሩ። አንድ ጊዜ ብትረሱ አንባቢው ከፍጡሩ ዓይን ይወጣል። ውርጬዎች ሌሊት ስለማያዩ የኮከብ ስም የላቸውም። ኮከብን የሚያውቁት ነቂዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው እነሱ የሚሉትን ወይ ያምናል ወይ አያምንም።

6. መውለድና መሞት

ስንት ይወልዳል? ሕፃኑ ስንት ጊዜ እቅፍ ላይ ይቆያል? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብትወስኑ ቤተሰቡ ራሱ ይመጣል። አሥር የሚወልድ አምስቱን ለመቅበር የተዘጋጀ ነው፤ ስም የሚያወጣውም ዘግይቶ ይሆናል። በየአራት ዓመቱ አንድ የሚወልድ ልጁን መንደር ሙሉ ይጠብቅለታል። ተፈጥሮ ከምናስበው በላይ ሰፊ ምርጫ ሰጥታለች። ሐረር ላይ ሰው በእጁ የሚያጎርሰው ጅብ ቤት ውስጥ የምትገዛው ሴቷ ናት፤ ግልገሉም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ቀይ ቀበሮዎች በቡድን ይኖራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ግን አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ያሳድጋሉ።

የውርጬ ሕፃን ትንሽ ድንች ነው። ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማታ ሁሉም ተቃቅፎ ሲደነዝዝ ሕፃናት መሃል ይሆናሉ፣ ሽማግሌዎች ዳር። ዳር መተኛት ክብር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሞት ነው። ጎረምሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳር የሚወጣበት ምሽት ድግስ አለው።

ሞት ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። የደነዘዘና የሞተ ሰው ሲነኩት እኩል ይቀዘቅዛል። በሕይወት ያለ ሰው እንዳይቀበር ምን ያደርጋሉ? ሦስት ጠዋት ይጠብቃሉ። አካሉን ምሥራቅ ፊት አውጥተው ያስቀምጡታል። ሦስት ጊዜ ፀሐይ ነክታው ካልተነሳ ያን ጊዜ ይለቀሳል። ከዚያ በፊት እንባ ማፍሰስ ነውር ነው፤ ሰውየውን እንደ መግደል ይቆጠራል። እዚህ ላይ ስደርስ ልቦለዴን አገኘሁት።

7. አንድ ተራ ቀን ጻፉ

በዓል አይሁን፤ ጦርነትም አይሁን። ተራ ማክሰኞ። ከንቃት እስከ ድንዛዜ በየሰዓቱ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። ሽንት የት ይሸናል? ማን ውሃ ይቀዳል? ውሃው በረዶ ከሆነስ? ጥፍሩን በምን ይቆርጣል? ለመሳቅ ምን ያደርጋል?

የእኔ ቀን እንዲህ ይጀምራል። ወገግ ሲል ነቂዋ እሳቷን ታጠፋለች። እጇ በጥላሸት ጠቁሯል። ሌሊቱን ሙሉ ያኘከችው ቆሎ ሽፋኑ እግሯ ሥር ተከምሯል። የመጀመሪያው ጨረር ግድግዳውን ሲነካ በጭቃው ላይ የተሰመረ መስመር ታያለች፤ ትናንት ከነካበት በአንድ ጥፍር ወደ ግራ ሄዷል። በጥፍሯ አዲስ መስመር ትጭራለች። የመንደሩ የቀን መቁጠሪያ ያ ግድግዳ ነው። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ክምሩ ታዘነብላለች። መጀመሪያ የሚሰማው ጥርስ ነው። ቅርርርር ይላል፤ አንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሃያው። ነቂዋ ትቆጥራለች። ማታ 58 ነበሩ። 57 ስትደርስ ድምፁ ያቆማል።

ይህን ቀን ስትጽፉ የማታውቁት ነገር ይበዛል። ጥሩ ነው። ባላወቃችሁበት ቦታ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱና «ታዲያ?» በሉ።

8. ሁሉም አንድ ዓይነት አይሁኑ

«ውርጬዎች ደፋሮች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት። የሰውን ዘር ተመልከቱ። ተራራ ላይ ስስ አየር መተንፈስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ነው፤ መልሱ ግን አንድ አልሆነም። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ከፍ ያለ ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል አይጨምርም፣ የደማቸው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በእኛው ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ጋር የሚቀራረቡ ሆነው አገኛቸው። ሦስት ተራራ፣ ሦስት መልስ።

ስለዚህ ወንዙ ማዶ ሌሎች ውርጬዎች አስቀመጥኩ። ከአስታው ጫካ አጠገብ ስለሆኑ ማገዶ አላቸው። አይደነዝዙም፤ እሳት ከበው ያድራሉ። ሌሊት አላቸው፣ ተረት አላቸው፣ የኮከብ ስም አላቸው። ላይኞቹን «ሬሳዎች» ይሏቸዋል። ላይኞቹ ደግሞ እነሱን «ጭሶች» ይሏቸዋል፤ ሽታቸው ከሩቅ ይታወቃልና። ከላይኛና ከጭስ አንድ ልጅ ቢወለድ ያ ልጅ ማታ ምን ይሆናል? ይደነዝዛል ወይስ ብቻውን ነቅቶ ያድራል?

9. ወደ ታሪኩ ስታስገቡት ትንሹን ብቻ አስገቡ

ደብተራችሁ ሞልቷል። ሁሉንም ለማስተማር እጃችሁ ይበላችኋል። «ውርጬዎች 5 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ማታ የሚደነዝዙ ፍጡራን ሲሆኑ...» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ የእንስሳት ሐኪም ካርድ ነው። አንባቢው ከአካሉ ጎን ይንቃ፦

«ጺና ነቃች። ጥርሷ ገና ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ አባቷ እግር ላይ ደርሳለች። ጉልበቱ ላይ ደረሰች። ደረቱ ላይ ስትደርስ እናቷ ፊቷን አዞረች። "ገና ነው" አለቻት። "ገና ሁለተኛው ነው። አይንሽን አድርቂ።"»

ድንዛዜውን አላብራራሁም። ሦስቱን ጠዋት አልቆጠርኩም። አንባቢው እንግዳ ሕግ እንዳለ ያውቃል፣ ሕጉን ለማወቅም ገጹን ይገልጣል። በአንድ ትዕይንት አንድ እንግዳ ነገር ይበቃል። ሌላው ሁሉ የታወቀ ይሁን፤ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ የታፈነ ለቅሶ።

ያስገባችሁትን ሕግ ደግሞ አክብሩት። ለታሪኩ ስለመቸ ብቻ አንድ ሌሊት ያለ ምክንያት የነቃ ውርጬ ካለ፣ ከዚያ በኋላ የአንባቢው ፍርሃት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሕጉ እንዲጠብቅ አድርጉት፣ ከዚያ ባለታሪኩን ሕጉ በጣም በሚጎዳበት ቦታ አቁሙት።

የጺና አባት ሦስተኛ ጠዋት የዋለው ሐምሌ ላይ ነው። ሰማዩ ተዘግቷል። ፀሐይ ካልነካችው ቀኑ አይቆጠርም፤ አካሉ ሊነሳም ሊቀበርም አይችልም። ክረምት ስለሆነ ደግሞ ሌሊቱ እንደ በጋ አልከረረም፤ ሬሳ ከሆነ መሽተት ይጀምራል። ካልሆነም ርቦት እየሞተ ነው። ወንዙ ማዶ እሳት አለ። እሳት ማንቃት ይችል እንደሆነ ማንም ላይኛ ሞክሮ አያውቅም፤ የሚሞክርም ከመንደሩ ይባረራል። ጺና 5 ኪሎ እንኳ አልሞላችም፣ አባቷ ከእሷ ይከብዳል፣ መንገዱ ደግሞ እስኪመሽ አያደርስም። አሁን የምጽፈው ይህን ምዕራፍ ነው።